ከብቅል ወደ ሻጋታ፦ ጆኪቺ ታካሚኔና የምግብ ኢንዛይም ኢንዱስትሪ

በዛሬው ዘመን ዳቦ ጋጋሪው፣ ቢራ ጠማቂው፣ አይብ አምራቹ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ የሚያጣራውና ከበቆሎ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያወጣው ፋብሪካ ሁሉ በጋራ የሚገለገሉበት አንድ የሥራ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ከብረት የተሠራ አይደለም፤ በዓይንም አይታይም። ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ በውስጡ የሚያመነጨው፣ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ንጥረ ነገር በፍጥነት የሚለውጥ ፕሮቲን ነው፤ ስሙም ኢንዛይም ይባላል። ኢንዛይምን በግዙፍ ጋኖች እያመረቱ ለምግብ ፋብሪካዎች የሚሸጡ ኩባንያዎች በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በቻይና ይገኛሉ። ሸማቹ ግን ምርታቸውን በስሙ ጠርቶ አይገዛውም፤ በገዛው ዳቦና አይብ ውስጥ ሥራውን ፈጽሞ ያገኘዋል እንጂ።

የዚህ ኢንዱስትሪ አመጣጥ ሲተረክ በቅድሚያ የሚነሡት የአውሮፓ ሊቃውንት ናቸው። ፈረንሳውያኑ አንሰልም ፓየንና ዣን-ፍራንሷ ፔርሶ እ.ኤ.አ. በ1833 ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ከብቅል ውስጥ አውጥተው ዲያስቴዝ ብለው ሰየሙት። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ሃንሰን በ1874 ወተት የሚያረጋውን ንጥረ ነገር ከጥጃ ጨጓራ እያወጣ ለአይብ አምራቾች መሸጥ ጀመረ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር ደግሞ በ1897 ከእርሾ የተጨመቀ ፈሳሽ ሕያው ሕዋስ ሳይኖርበት ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ፤ ለዚህም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሆኖም ኢንዛይምን ከእህል ወይም ከእንስሳ አካል ሳይሆን ከሻጋታ አውጥቶ፣ በፋብሪካ አምርቶ፣ ለምዕራቡ ዓለም ገበያ በማቅረብ ቀዳሚው ሰው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ነው። የዛሬው የምግብ ኢንዛይም ኢንዱስትሪ በአብዛኛው የሚጓዘው እርሱ በቀደደው መንገድ ስለሆነ፣ የሕይወት ታሪኩን መመርመር ለሙያችን የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ታካሚኔ የተወለደው በኖቬምበር 3 ቀን 1854 በታካኦካ ከተማ ሲሆን ያደገው ግን በካናዛዋ ነው። የተወለደበት ዓመት ጃፓን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግታው የኖረችውን በር በአሜሪካ የጦር መርከቦች ግፊት መክፈት የጀመረችበት፣ ከአሜሪካም ጋር የመጀመሪያውን ውል የተፈራረመችበት ዓመት ነበር። አባቱ በሆላንድ ቋንቋ ከተጻፉ መጻሕፍት የምዕራቡን ሕክምና የተማረ ሐኪም ነበር። የእናቱ ወገኖች ደግሞ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ይጠምቁ ነበር። እንግዲህ የልጁ ዕጣ ፈንታ ገና ከጅምሩ በሁለት ወገን የተገመደ ነበር ማለት ይቻላል፤ በአንድ በኩል የባዕድ አገር መጽሐፍ፣ በሌላ በኩል የአገሩ የጥንስስ ጋን።

ዕድሜው ገና 12 ዓመት ገደማ ሳለ የውጭ ቋንቋ እንዲማር ወደ ናጋሳኪ ተላከ። በ1868 የሜጂ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲቋቋም አገሪቱ ወጣቶቿን በዘመናዊ ጥበብ ማሠልጠን አንገብጋቢ ሥራዋ አድርጋ ያዘችው። ታካሚኔም በቶኪዮ በተከፈተው የመንግሥት የምሕንድስና ኮሌጅ ኬሚስትሪ አጥንቶ፣ በ1879 ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን አንዱ ሆኖ ወጣ። ኮሌጁን የመሩትና በብዛት ያስተማሩበት ብሪታንያውያን ነበሩ። ከዚያም መንግሥት ከላቁት ተማሪዎች ጋር ወደ ብሪታንያ ላከው፤ በግላስጎው ሦስት ዓመት ያህል ተምሮ በ1883 ወደ አገሩ ተመለሰና በእርሻና ንግድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያም የሳኬን ጠመቃ የመሳሰሉትን የአገሩን ነባር ሙያዎች በኬሚስትሪ ዓይን የመመርመር ዕድል አገኘ።

በ1884 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ለተከፈተው ዓለም አቀፍ የጥጥ ትርኢት የአገሩ ልዑክ ሆኖ ተጓዘ። ከጉዞው ሁለት ነገር አተረፈ። አንደኛው ከፎስፌት ድንጋይ ማዳበሪያ የመሥራት ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኋላ በ1887 ያገባት ካሮላይን ሂች ናት። በዚያው በ1887 ሺቡሳዋ ኤይቺን ከመሳሰሉ ታላላቅ ባለሀብቶች ጋር በቶኪዮ የፋብሪካ ማዳበሪያ ኩባንያ አቋቋመ። በአዲሱ የጃፓን የፓተንት መሥሪያ ቤትም በኃላፊነት አገልግሏል። በዚያ ሥራ ላይ ሳለ፣ አንድ ዕውቀት ገንዘብ የሚሆነው በሕግ ሲመዘገብና ባለቤት ሲኖረው መሆኑን ጠንቅቆ ተረድቷል።

ብቅልና ኮጂ

የታካሚኔን ዋና ሐሳብ ለመረዳት ጠላ ሲጠመቅ ያየ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ተሸፍኖ ይበቅላል፤ ይደርቃል፤ ይፈጫል። እህሉ በሚበቅልበት ጊዜ በውስጡ የሚመነጨው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሌላውን እህል ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ብቅል የሌለበት ድፍድፍ ጠላ የማይወጣው፣ እርሾ ስታርችን እንዳለ መብላት ስለማይችል ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ቢራና ዊስኪ ጠማቂዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ጃፓናውያን ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት በብቅል አይደለም። በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ላይ አስፐርጂለስ ኦራይዜ የተባለ ሻጋታ ዘር ይበትናሉ። ሩዙ በሞቃትና እርጥብ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ሻጋታው ነጭ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ይህም ኮጂ ይባላል። ሻጋታው ለራሱ ምግብ የሚያመነጨው አሚሌዝ እጅግ ብርቱ ስለሆነ፣ ሳኬና አኩሪ አተር ሶስ የሚሠሩ ጃፓናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ተገልግለውበታል።

ታካሚኔ እነዚህን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደ መሐንዲስ አሰላ። ብቅል ለማብቀልና ለማድረቅ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ለሰውም ምግብ ሊሆን የሚችል ጥሩ ገብስ ይጠይቃል። ኮጂ ግን በሁለት ቀን ይደርሳል። ሩዝ በአሜሪካ ውድ ቢሆን እንኳ ሻጋታው የግድ ሩዝ አይፈልግም፤ የስንዴ ወፍጮ ቤቶች ለከብት መኖ በርካሽ የሚሸጡት ፉርሽካ ይበቃዋል። ሻጋታውን ያገኘው ታካሚኔ አይደለም፤ የእናቱ ወገኖችም ያውቁት ነበር። የእርሱ ድርሻ ሻጋታውን ከሩዝ ወደ ፉርሽካ ማሸጋገሩ፣ ማለትም በአገሩ ልማድ የታሠረውን ኃይል በየትኛውም አገር ሊሠራ በሚችል ርካሽ ጥሬ ዕቃ ላይ ማቆሙ ነው።

የፒዮሪያ ፈተና

በዚያ ዘመን ከአሜሪካ የዊስኪ ምርት ዋና ማዕከላት አንዷ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ፒዮሪያ ነበረች። ብዙ ጠማቂዎች በ1887 ተባብረው ያቋቋሙት፣ ሕዝቡ ዊስኪ ትረስት እያለ የሚጠራው ማኅበር መቀመጫውም እዚያው ነበር። ማኅበሩ የታካሚኔን ዘዴ ለመሞከር ስለ ፈቀደ፣ ታካሚኔ የማዳበሪያ ኩባንያውን ለሌሎች ትቶ በ1890 ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ገና ያልጠና ኩባንያ ጥሎ መሄዱ በጃፓን የነበሩትን ባልደረቦቹን ቅር አሰኝቷል።

በፒዮሪያም የጠበቀው ሰላም አልነበረም። የብቅል ቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ብቅል መግዛቱን ቢተው ሀብታቸውና የሠራተኞቻቸው እንጀራ እንደሚያልቅ ስለ ተረዱ አዲሱን ዘዴ አጥብቀው ተቃወሙ። ይህን ተቃውሞ የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ አድርጎ መቁጠር አይገባም። አዲስ ቴክኒክ ሲመጣ የድካሙን ዋጋ ቀድሞ የሚከፍለው በአሮጌው ቴክኒክ ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ነው፤ የዚያን ሰው ዕጣ ያላሰበ የሥራ ዕቅድም ጉድለት አለበት። ክርክሩ እየከረረ ሳለ በ1891 ለሥራው የተዘጋጀው ሕንፃ ተቃጠለ። ጥርጣሬው በብቅል ሰዎች ላይ ወደቀ።

በዚያ ላይ ታካሚኔ በጉበት በሽታ ክፉኛ ታመመ፤ ወደ ቺካጎም ተወስዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከበሽታው ተነሥቶ ሥራውን ቢቀጥልም በ1895 ማኅበሩ ራሱ በዕዳ ተይዞ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። የዊስኪው ነገር በዚህ ተቋረጠ። የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነው ታካሚኔ በባዕድ አገር ፋብሪካም ደንበኛም ሳይኖረው ቀረ።

ታካ-ዲያስቴዝ

በእጁ የቀረለት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነበር። ከፉርሽካ ኮጂ ውስጥ ኢንዛይሙን በውኃ አጥቦ በማውጣት፣ ፈሳሹን በአልኮል አስቀርሮ በማድረቅ ዱቄት አድርጎት ነበር። ለዚህም አሠራር በ1894 የአሜሪካን ፓተንት አገኘ፤ ይህም በአሜሪካ ከረቂቅ ተሕዋስያን ለተገኘ ኢንዛይም የተሰጠ የመጀመሪያው ፓተንት እንደሆነ ይነገርለታል። ዱቄቱን ታካ-ዲያስቴዝ ብሎ ሰየመው፤ የመጀመሪያው ቃል የራሱ ስም መነሻ ሲሆን በጃፓንኛም ከፍተኛ ማለት ነው። በዲትሮይት የሚገኘው ፓርክ-ዴቪስ ኩባንያ መብቱን ተቀብሎ፣ ስታርች ያለበት ምግብ ለማይፈጭላቸው ሰዎች መድኃኒት አድርጎ መሸጥ ጀመረ። በጃፓን ሳንክዮ የተባለው ድርጅት በ1899 መድኃኒቱን ማስመጣት ያዘ፤ በ1913 ሳንክዮ የአክሲዮን ኩባንያ ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ታካሚኔ ሆነ። መድኃኒቱ የቱን ያህል የቤት ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ፣ ከ1905 ጀምሮ በታተመው የናጹሜ ሶሴኪ እኔ ድመት ነኝ በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የጨጓራ ሕመምተኛው መምህር የሚውጠው ይህንኑ ታካ-ዲያስቴዝ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

በኢንዱስትሪ ታሪክ ዓይን ሲታይ የዱቄቱ ታላቅነት በመድኃኒትነቱ ብቻ አይደለም። ጠማቂ ብቅሉን የሚመዝነው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በልምዱ ነው፤ የዘንድሮው ካምናው ሊለይ ይችላል። ታካ-ዲያስቴዝ ግን የሚሸጠው በክብደቱ ሳይሆን በኃይሉ ነው፤ ይኸውም በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሙቀት ምን ያህል ስታርች ይለውጣል በሚል ልኬት ነው። ዛሬም ማንኛውም የምግብ ኢንዛይም በዕቃው ላይ የሥራ ኃይሉ መለኪያ ተጽፎበት ይሸጣል። ገዢና ሻጭ በአንድ ቁጥር ሊስማሙ የቻሉት እንዲህ ባለ ልኬት ነው።

የኒው ዮርክ ዘመን

ታካሚኔ ኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሮ የራሱን የምርምር ቤት ከፈተ። በ1900 ከረዳቱ ከኬይዞ ኡዌናካ ጋር ከእንስሳት ኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ አድሬናሊንን በንጹሕ መልክ አወጣ። በሰው ዘንድ ይበልጥ የታወቀውም በዚህ ግኝት ነው። በቤተ ሙከራው ውስጥ ወሳኙን ሥራ በእጁ የሠራው ኡዌናካ ሲሆን፣ በ1903 የጸደቀው ፓተንት ግን የታካሚኔን ስም ብቻ ይዞ ወጣ። የታላቁን ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህንንም ማንሣት ይገባዋል። በ1911 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት፣ ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ተለይቶና ተጣርቶ ሲወጣ የፓተንት ባለቤት ሊኖረው ይችላል ሲል ስለ አድሬናሊን ፈረደ፤ በ2013 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአካል ተለይቶ የወጣ የተፈጥሮ ዲኤንኤ ፓተንት አይሰጠውም በማለት ይህን አስተሳሰብ አጠበበው።

ሀብትና ዝና ከመጣ በኋላ ታካሚኔ በሁለቱ አገሮች መካከል ድልድይ ለመሆን ደከመ። በ1905 በኒው ዮርክ የጃፓናውያን ክበብ አቋቋመ። በዋሽንግተን ከተማ በየዓመቱ የሚያብቡት የቼሪ ዛፎች እንዲተከሉም ረድቷል፤ በ1910 የደረሱት 2,000 ችግኞች ተባይ ስለ ተገኘባቸው ተቃጥለው፣ በ1912 በምትካቸው 3,020 ችግኞች መጡ። በ1913 ጃፓን ሌሎችን መቅዳት ትታ የራሷን መሠረታዊ ምርምር የምታካሂድበት ተቋም እንድትመሠርት ወገኖቹን ቀሰቀሰ፤ ሪኬን የተባለው የምርምር ተቋም በ1917 ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአሜሪካ ሕግ ጃፓናዊ ሆኖ የተወለደን ሰው ዜግነት እንዲቀበል አይፈቅድለትም ነበር። ታካሚኔ ሠላሳ ዓመት በኖረበት፣ ባገባበትና በሀብት በከበረበት አገር በጁላይ 22 ቀን 1922 የውጭ አገር ሰው እንደሆነ ዐረፈ። ከአራት ወር በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጃፓናዊ ጉዳይ ላይ ክልከላውን አጸና።

ከእርሱ በኋላ

ታካሚኔ በኒው ጀርሲ በክሊፍተን ከተማ ያቋቋመው ላቦራቶሪ ከእርሱ በኋላ ኢንዛይም ማምረቱን ቀጠለ። በ1956 ማይልስ ላቦራቶሪስ ገዛው። የማይልስ የኢንዛይም ክፍል ኋላ ወደ ሶልቬይ፣ ከሶልቬይ ወደ ጄነንኮር፣ ከጄነንኮር ወደ ዳኒስኮ፣ በ2011 ወደ ዱፖንት፣ በ2021 ደግሞ አይኤፍኤፍ ወደተባለው ኩባንያ ተላለፈ። በሌላ ወገን ከ1874ቱ የክርስቲያን ሃንሰን ሥራ የወጣው ኩባንያ በ2024 ከኖቮዛይምስ ጋር ተዋሕዶ ኖቮኔሲስ ተባለ። ኢንዱስትሪው በገበያ እየሰፋ ሲሄድ በባለቤትነት ደግሞ በጥቂት እጆች እየተሰበሰበ መሄዱን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

በአሠራርም ረገድ ለውጡ ታላቅ ነው። በፉርሽካ ላይ ማሳደጉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለፔኒሲሊን በተዘጋጀው፣ ሻጋታን በፈሳሽ በተሞላ ጥልቅ ጋን ውስጥ አየር እየነፉ በማሳደግ ዘዴ በአብዛኛው ተተካ። ይህ ዘዴ ለፔኒሲሊን ምርት ከተዳበረባቸው ቦታዎች ዋነኛው በ1940 ሥራ የጀመረው የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ሲሆን፣ የሚገኘውም በዚያችው ታካሚኔ በተፈተነባት በፒዮሪያ ነው። በ1960ዎቹ የስታርች ፋብሪካዎች አሲድን ትተው በኢንዛይም መሥራት ያዙ፤ ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ የሚለውጠው ኢንዛይም በጃፓንና በአሜሪካ በፋብሪካ ደረጃ ሲውል በቆሎ የሸንኮራ አገዳ ተፎካካሪ ሆነ። በ1990 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጥጃ ጨጓራ ኢንዛይምን ዘረመሉ በገባለት ረቂቅ ተሕዋስ ማምረትን ፈቀደ፤ አይብ ሠሪው ከዚያ ወዲህ የታረደ ጥጃ ቁጥር አያስጨንቀውም። በ2002 የስዊድን ባለሥልጣናት በተጠበሱና በተጋገሩ ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር መኖሩን ሲያስታውቁ ደግሞ፣ መነሻውን አስቀድሞ የሚያጠፋ አስፓራጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ለምግብ ፋብሪካዎች ቀረበ። ከዚህ ኢንዛይም አንዱ ዓይነት የሚመረተው በዚያው በአስፐርጂለስ ኦራይዜ ነው። የሻጋታው ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በ2005 ታትሟል፤ በ2006ም የጃፓን የጠመቃ ማኅበር የአገሪቱ ብሔራዊ ሻጋታ ብሎ ሰይሞታል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ስለዚያች አገር መጽሐፍ በጻፉበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓን በአጭር ጊዜ እንዴት ልትሠለጥን ቻለች እያሉ ይጠይቁ ነበር። የታካሚኔ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ነው፤ ቀላል መልስ ግን አይደለም። አገሩ አስተማረችው፤ ወደ ውጭ ላከችው። ሐሳቡን የሚገዛ ገበያና የሚጠብቅለት ሕግ ያገኘው ግን በሌላ አገር ነው። የጃፓን ጠማቂዎች የጋራ ሀብት የነበረው ኃይል ፓተንቱ የወጣው በዋሽንግተን፣ ዱቄቱ የተመረተው በዲትሮይት ሲሆን፣ ወደ ቶኪዮ የተመለሰው በጠርሙስ ታሽጎ እንደ ውጭ አገር ሸቀጥ ነው።

የእኛ እናቶች እርሾን፣ ብቅልንና ጌሾን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ባለቤት ሊነሣበት የሚችል ሀብት መሆኑን ከጤፍ ታሪክ አይተናል። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት ፓተንት በአውሮፓ ተመዝግቦ ኖሮ፣ በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ዋጋ እንደሌለው ተፈርዷል። ኢትዮጵያም በ2006 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አውጥታለች። ሆኖም ሕግ የሚጠብቀው የታወቀና የተመዘገበ ነገርን ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ እርሾና ስለ ጠላ የተካሄዱ ጥናቶች አሉ። ከዚያ የሚቀጥለው የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ በየትኛው እርሾ ውስጥ የትኛው ረቂቅ ተሕዋስ እንዳለ፣ የሚያመነጨው ኢንዛይም በስንት ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ስታርች እንደሚለውጥ፣ ከወፍጮ ቤቶቻችን ተረፈ ምርትም በየትኛው ላይ በርካሽ እንደሚያድግ ለክቶ መመዝገብ። ታካሚኔ በፉርሽካ የጀመረውም በዚሁ ዓይነት ስሌት ነበር። ዕቃውና ጥያቄው በእጃችን ስላለ፣ ልኬቱን ሌላ ሰው ሠርቶ መልሶ እስኪሸጥልን መጠበቅ አይገባንም።